የጃፓን ጥንታዊ ፋኖስ ለመግዛት፦ የሚንጠለጠለው፣ የሚቆመው ወይስ የብረቱ?

የጃፓን ጥንታዊ ፋኖስ መግዛት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው። ሻጩም ብዙ ጊዜ ደፈር ብሎ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ» ይላል። ከዕድሜው በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ እላለሁ። ፋኖሱ የተሠራው ለማን ነው? ለቤተ መቅደስ ስለት ሆኖ የገባ ነው? ለውጭ አገር ገዢ ተብሎ የተሠራ ጌጥ ነው? ወይስ የአንድ ቤተሰብ ጓሮ ማስዋቢያ? ይህን የለየ ሰው ዋጋውንም፣ ጌጡንም፣ ቤቱ የት እንደሚያኖረውም ይገባዋል። ይህን ያልለየ ሰው ደግሞ በስለት ዋጋ የጓሮ ዕቃ ይገዛል።

ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መብራቱ ከየት መጣ?

ቡድሂዝም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከኮሪያ በኩል ጃፓን ሲገባ ፋኖሱም አብሮት ገባ። በቡድሂስቶች ዘንድ መብራት ከአበባና ከዕጣን ጋር ለቡድሃ የሚቀርብ መባ ነው። ብርሃኑ አለማወቅን የሚገፋ ጥበብ ተደርጎ ይታያል። በጥንት ጊዜ በዋናው አዳራሽ ፊት፣ ልክ መሃል ላይ፣ አንድ ፋኖስ ብቻ ነበር የሚቆመው። ግራና ቀኝ ጥንድ አድርጎ ማቆም የመጣው ኋላ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገር አንድ የቆየ ታሪክ አለ። ባለጸጎች ለቡድሃ እልፍ መብራት አበሩ። አንዲት ደሃ ሴት ደግሞ ለምና ባገኘችው ገንዘብ ዘይት ገዝታ አንዲት ኩራዝ አበራች። ሌሎቹ መብራቶች ሲጠፉ የእሷ እስኪነጋ በራች። ጃፓኖች ከባለጸጋ እልፍ መብራት የደሃ አንድ መብራት ይበልጣል የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። በብዙ ፋኖስ ላይም የሰጪው ስም ተቀርጾ ታያላችሁ። ስጦታው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የአንድ ሰው ጸሎት ነው።

የብረታ ብረት ፋኖሶችን ሁሉ አባት ማየት የፈለገ ናራ ከተማ ወዳለው ቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ይሂድ። በታላቁ ቡድሃ አዳራሽ ፊት የቆመው ስምንት ማዕዘን የነሐስ ፋኖስ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ቁመቱ 4.6 ሜትር ያህል ነው። አዳራሹ በ1180 እና በ1567 በጦርነት ተቃጥሎ ወድሟል። ፋኖሱ ግን ሁለቱንም እሳት አልፎ እዚያው ቆሟል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። የነሐሱ ገጽ እንደ መረብ ተበስቷል። በመረቡ ላይ ቦዲሳትቫ የሚባሉ ቅዱሳን ቆመው ሙዚቃ ይጫወታሉ። አንዱ ዋሽንት ይነፋል፣ ሌላው ጸናጽል ያጋጫል። የነጠላቸው ጫፍ ነፋስ እንደነካው ወደ ላይ ተነስቷል። በሮቹ ላይ ደግሞ አንበሶች በደመና መሃል ይሮጣሉ። ማታ ከውስጥ ሲበራ ብርሃኑ በእነዚህ ቀዳዳዎች ያልፋል። እንግዲህ በጥሩ ፋኖስ ላይ ቀዳዳው ራሱ ጌጥ ነው። ይህን አስታውሱት፤ ስትመርጡ ይጠቅማችኋል።

ከዚያው ብዙ ሳትርቁ ካሱጋ የተባለው የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን የራሷ ጥንታዊ እምነት፣ መቅደስ አለ። 3,000 ያህል ፋኖሶች አሉት። 2,000 ያህሉ የድንጋይ ናቸው፤ 1,000 ያህሉ ደግሞ በየታዛው የተንጠለጠሉ የነሐስ ፋኖሶች። ሁሉም ስለት ናቸው። የመሳፍንት አለ፣ የነጋዴ አለ፣ የተራ ሰው አለ። ሁሉም አንድ ላይ የሚበሩት በፌብሩዋሪ ወር መጀመሪያ እና ኦገስት 14 እና 15 ምሽት ነው። ልብ በሉ፣ ፋኖስ የቡድሂስት ዕቃ ሆኖ ሳለ በሺንቶ መቅደስ ሞልቷል። ሁለቱ እምነቶች ከሺህ ዓመት በላይ ተቀላቅለው ኖረዋል። ስለዚህ «ይህ የቡድሃ ነው፣ ያ የሺንቶ ነው» ብሎ በቅርጽ ብቻ የሚለይላችሁ ሻጭ ካለ ጠርጥሩት።

የፋኖሱ አካላት

ከላይ ስንጀምር ጉልላቱ አለ፤ የእንቁ ቅርጽ አለው። ቀጥሎ ጫፎቹ ወደ ላይ የተጠቀለሉ ጣሪያ። ከጣሪያው ሥር እሳቱ የሚቀመጥበት ሳጥን ይገኛል፤ እሱም የሚከፈት በር አለው። ከዚያ መደብ፣ ምሰሶ፣ በመጨረሻም መሠረት። በቡድሂስት አተረጓጎም መሠረቱ ምድር፣ መደቡ ውሃ፣ ሳጥኑ እሳት፣ ጣሪያው ነፋስ፣ ጉልላቱ ደግሞ ባዶው ሰማይ ነው። የሚንጠለጠለው ፋኖስ ምሰሶ የለውም፤ በምትኩ አናቱ ላይ ቀለበት አለው። ጉልላቱ የጠፋ ፋኖስ ገበያ ላይ ብዙ ነው። ዋጋው በደንብ ይቀንሳል፣ መቀነስም አለበት።

የሚንጠለጠለው

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከስስ መዳብ ወይም ነሐስ ይሠራል፣ ስድስት ማዕዘን ነው፣ ሰው በአንድ እጁ ያነሳዋል። በረንዳ ላይ፣ መተላለፊያ ላይ፣ ደረጃ አናት ላይ ያምራል። ጎኖቹ ተበስተው የተሠሩ ናቸው። አበባ፣ ማዕበል፣ የቤተሰብ ዓርማ ታዩበታላችሁ። ጥንት ከውስጥ ወረቀት ወይም ሐር ይለጠፍበትና በትንሽ ሳህን የጎመን ዘር ዘይት ይነድበት ነበር።

ድካሙ ስስነቱ ነው። የጣሪያው ጥቅልል ጫፎች ይጣመማሉ፤ የበሩ ማጠፊያ ይሰበራል። ቀለበቱ ደግሞ ለዓመታት ከመንጠቆው ጋር እየተፋተገ ይሳሳል። ስለ ቀለበቱ አደራ እላለሁ። የተበላ ቀለበት የያዘ ፋኖስ ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። ቀለበቱ ላይ ምንም የመፋተግ ምልክት ከሌለ ደግሞ ፋኖሱ ተሰቅሎ አያውቅም ማለት ነው። «የቤተ መቅደስ ነው» ከተባላችሁ ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም።

የሚቆመው ነሐስ

ይህ የሚሠራው ነሐስ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ቦታም ይፈልጋል። ግን ግርማ አለው። ግርማውን ለማየት ቶኪዮ ውስጥ ኡዌኖ ያለውን የቶሾጉ መቅደስ ማሰብ ይበቃል። እዚያ ወደ መቅደሱ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር በየመሳፍንቱ የተሰጡ የነሐስ ፋኖሶች ተሰልፈዋል፤ መቅደሱ አሁን ያለውን መልክ ከያዘበት ከ1651 ጋር የተያያዙ ናቸው። ለሟቹ ሾገን (አገሪቱን ይገዛ ለነበረው የጦር አለቃ) ለቶኩጋዋ ኢየያሱ ክብር የገቡ ስጦታዎች ናቸው። በዚያ ዘመን አንድ መስፍን ፋኖስ ሲሰጥ ጸሎትም ያደርሳል፣ ታማኝነቱንም ያስመሰክራል።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ሳታውቁት የዚህን ታሪክ ቁራጭ አይታችሁ ይሆናል። የቼሪ አበባ ሲፈካ ሰው በሚጎርፍበት ሐይቅ ዳር የቆመው የጃፓን ፋኖስ በዚያው በ1651 የተሠራ ነው፤ የመጣውም ከዚያው ከኡዌኖ ነው። ጃፓን በስጦታ የላከችው በ1954 ነው። እሱ ድንጋይ ነው እንጂ ነሐስ አይደለም። ቢሆንም የአካላቱን አቀማመጥ ለማጥናት ከእሱ የተሻለ በነጻ የሚታይ መምህር የለም። የሚቆም ፋኖስ ለመግዛት ያሰበ በመጀመሪያ እሱን ዞሮ ይየው።

ገበያ ላይ የምታገኙት የሚቆም ነሐስ ግን አብዛኛው የኡዌኖ ዓይነት አይደለም። የሜጂ ዘመን፣ ማለትም ከ1868 እስከ 1912 ያለው፣ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በ1868 አዲሱ መንግሥት ሺንቶንና ቡድሂዝምን እንዲለያዩ አዘዘ። ብዙ የቡድሂስት ቤተ መቅደሶች መሬታቸውንና ገቢያቸውን አጡ። ዕቃቸው ተሸጠ፣ ተሰበረ፣ ቀለጠ። በ1876 ደግሞ ሰይፍ መታጠቅ ተከለከለ። የሰይፍ ጌጥ ይሠሩ የነበሩ ባለ እጆች ሥራ ፈቱ። እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ውጭ ገበያ አዞሩ። ገበያው አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር፤ በ1873 በቪየናው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ጃፓን ዕቃዋን ስታሳይ አውሮፓ ተደነቀ፤ ትዕዛዙም ጎረፈ።

ከዚያ የመጣው ፋኖስ ሌላ ዓይነት ነው። ዘንዶ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል። ወፍ ጣሪያው ላይ ያርፋል። ማዕበል፣ ደመና፣ አበባ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይታጨቃል። የእጅ ጥበቡ ድንቅ ነው፤ የዘንዶው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ለእኔ ግን ይበዛብኛል። ለመብራት የተሠራ ዕቃ ብርሃኑ የሚያልፍበት ቦታ ሲያጣ ዋና ነገሩን ያጣ ይመስለኛል። ትልቅ ሳሎን ላለውና መሃል ላይ የሚታይ ዕቃ ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። እንደ ቅርጻ ቅርጽ ግዙት፣ እንደ ሃይማኖታዊ ዕቃ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የሚቆመው ፋኖስ በክፍል በክፍል ይፈታል። ስለዚህ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ምሰሶ ጋር ተጋብቶ ይሸጣል። አካላቱን ለያዩና መጋጠሚያቸውን እዩ። የዝገቱ ቀለም ከላይ እስከ ታች ይመሳሰላል? መጋጠሚያው ልክ ይገባል ወይስ ይወዛወዛል?

የብረቱ

ብረት ዋጋው ዝቅ ይላል፣ መልኩ ጨዋ ነው፣ ጥቁርና ጸጥ ያለ። በሰሜን ጃፓን ሞሪዮካ አካባቢ የሚሠራው የናምቡ ብረት በጀበናና በማንቆርቆሪያ የታወቀ ነው፤ ፋኖስም ይሠሩበታል። ብረት የተናቀ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ኒኮ በተባለችው ከተማ ባለው የኢየያሱ መቃብር መቅደስ ውስጥ ታላቁ መስፍን ዳቴ ማሳሙኔ የሰጣቸው ፋኖሶች የብረት ናቸው፤ ብረቱም ከፖርቱጋል የመጣ ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ብረት ለስጦታ የሚበቃ ነበር።

ችግሩ ግልጽ ነው፤ ብረት ይዝጋል። ክረምቱን ሙሉ ደጅ ካደረ በጥቂት ዓመታት ይበላል። ወድቆ ቢነካም እንደ ነሐስ አይጣመምም፣ ይሰነጠቃል። ዱባይ ወይም ጅዳ ባሕሩ አጠገብ ለሚኖር ብረት አልመክርም። ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ግን ዘመን ይሻገራል። ኪሱ ሳሳ ላለ ሰው ጥሩ የብረት ፋኖስ ከመጥፎ ነሐስ ይሻላል።

ጌጡ ምን ይላል?

ሎተስ ቡድሂስታዊ ነው፤ ከጭቃ ወጥቶ ንጹህ ሆኖ የሚያብብ በመሆኑ። አጋዘንና ወደ ታች የተንዠረገገ የዊስቴሪያ አበባ ካሱጋን ያስታውሳሉ። አጋዘኑ በአፈ ታሪክ የመቅደሱን አምላክ ተሸክሞ የመጣ ነው። አበባው ደግሞ መቅደሱን የመሠረተው የፉጂዋራ ቤተሰብ ዓርማ ነው። በክብ ውስጥ የተጋጠሙ ሦስት ቅጠሎች የቶኩጋዋ ሾገኖች ምልክት ናቸው። አሥራ ስድስት ቅጠል ያለው ክብ አበባ የንጉሠ ነገሥቱ ነው።

ግን ዓርማ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ሦስቱን ቅጠል ያሳያችሁና «የሾገኑ ነው» ይላል። ሦስት ቅጠል ማንም መቅረጽ ይችላል። ኒኮ ላይ ሆላንዶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስገቡት የሚሽከረከር ትልቅ የነሐስ ፋኖስ አለ። ዓርማውን አውሮፓ ያሉ ሠራተኞች ገልብጠው ቀርጸውታል። ጃፓኖች አልመለሱትም፤ ዛሬም እንደተገለበጠ ይታያል።

አንድ ምልክት ላይ ቆም እንበል። ክንዶቹ የታጠፉ መስቀል መሰል ቅርጽ በጃፓን ፋኖሶች ላይ ይገኛል። ከናዚ ጋር ምንም አያገናኘውም። ከእነሱ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ የቡድሂስቶች የበረከት ምልክት ነው። ቢሆንም እስራኤል ወይም ጀርመን ውስጥ በረንዳችሁ ላይ ሰቅላችሁት ጎረቤት ሲያልፍ ምልክቱ ራሱን አያብራራለትም። የሰው ቁስል አለበት። እዚያ የምትኖሩ ሌላ ጌጥ ምረጡ።

ሌላም ጥያቄ አለ፣ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚነሳ። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሌላ እምነት መባ የነበረን ዕቃ ቤቱ ማስገባት አለበት? ይህን እያንዳንዱ ከሕሊናው ጋር ይጨርሰው። ከከበዳችሁ ግን መፍትሔ አለ። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሻይ ሥነ ሥርዓት ሊቃውንት ፋኖስን ከቤተ መቅደስ አውጥተው ወደ ሻይ ቤት አትክልት አምጥተውታል፤ እንግዳው በምሽት መንገዱን እንዲያይ። ለጓሮና ለቤት ተብሎ የተሠራው ፋኖስ የዚህ ልማድ ልጅ ነው፤ የማንም ስለት አይደለም። ጽሑፍ የሌለበትን፣ የጥድ ዛፍ ወይም ማዕበል ያለበትን ምረጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ከያዘ ብረት ነው፣ «ነሐስ» ቢሏችሁም። ካልያዘና በጣም ከቀለለ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ከርቀት ነሐስ ይመስላል። ማንም በማያየው ቦታ፣ ከሥሩ፣ ጫር አድርጋችሁ እዩ።

ብሎኑን እዩ። አናቱ ባለ መስቀል ብሎን ገበያ ላይ የዋለው በ1930ዎቹ ነው። የጥንቱ ሥራ በምስማርና በሪቬት ይያያዛል። ብሎኑ የጥገና ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አትጣሉት፤ ግን ጠይቁ። «ጃፓን» የሚል የእንግሊዝኛ ማኅተም ካለበት ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ የውጭ ዕቃ የመጣበት አገር እንዲጻፍበት አስገድዳለች። መጀመሪያ «ኒፖን» (የአገሪቱ ስም በጃፓንኛ) እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ ከ1921 ወዲህ «ጃፓን» ሆነ። እንዲህ ያለ ማኅተም የያዘ ፋኖስ የሳሙራይ ዘመን ሊሆን አይችልም፣ ነጋዴው ቢምልም።

የሳጥኑን ውስጥ እዩ። ለዓመታት ዘይት የነደደበት ፋኖስ ጣሪያው ሥር ጥላሸት ይዟል፤ ጥላሸቱም በጣት ተጠርጎ የሚለቅ አይደለም። ጽሑፍ ካለበት ፎቶ አንሱና ጃፓንኛ ለሚያነብ አሳዩ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሰጪው ስም፣ ቦታውና የዘመኑ ስም ነው። ገንሮኩ የሚል ከሆነ ከ1688 እስከ 1704፣ ቴንፖ ከሆነ ከ1830 እስከ 1844 ያለውን ዘመን ያመለክታል። በመሮ የተቀረጸ ፊደል ጠርዙ ስለታም ነው። የሟሟ ሳሙና የመሰለ፣ ጠርዝ የሌለው ፊደል ብዙ ጊዜ ከሌላ ፋኖስ ተቀድቶ የፈሰሰ ነው።

የሰጪ ስምና የመቅደስ ስም ያለበት ከሆነ ከየት ወጣ ብላችሁ ጠይቁ፣ ወረቀትም ጠይቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ1941 ጀምሮ የጃፓን መንግሥት ብረታ ብረት ሲሰበስብ እጅግ ብዙ ደወልና ፋኖስ ቀልጧል። የተረፈው ጥቂት ነው። በ1950 በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት ደግሞ ብሔራዊ ሀብትና ዋና ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ዕቃ ከአገር አይወጣም። ከቶዳይጂው ፋኖስ ላይ እንኳ በ1962 አንዱ ገጽ ተሰርቆ በኋላ ተገኝቷል። ወረቀት የሌለውን የስለት ፋኖስ እኔ አልገዛም፤ እናንተም ባትገዙ ደስ ይለኛል። አንድ ሰው ጸልዮ የሰጠው ዕቃ ተሰርቆ ከሆነ ቦታው እኛ ሳሎን አይደለም።

እንግዲህ ምርጫዬን ቁርጥ አድርጌ ልናገር። አፓርታማ ለሚኖር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆነ የሚንጠለጠል የመዳብ ወይም የነሐስ ፋኖስ። እንደ ታካኦካ ካሉ የነሐስ ከተሞች የወጣ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ እዚያ ከ1611 ጀምሮ ብረታ ብረት ቀልጦ ይፈሳል። ግቢና ገንዘብ ላለው፣ ጌጡ ያልበዛበት የሚቆም ነሐስ። ደረቅ ክፍልና ጠባብ ኪስ ላለው፣ ብረት።

ቤት ከገባ በኋላ በነሐስ ማጽጃ አታብሱት። ያ ቡናማና አረንጓዴ ቆዳ ለመምጣት አሥርተ ዓመታት የፈጀ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል፣ ዋጋውም አብሮት ይሄዳል። በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ ውሃ አቧራውን አንሱ፣ በደንብ አድርቁ፣ ስስ ሰም ቀቡት። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የሚረግፍበት ነጠብጣብ ካያችሁ ግን እሱ ጤነኛው ዝገት አይደለም። ከጨው የሚመጣና ነሐሱን እየበላ የሚሄድ ነው፤ ወደ ደረቅ ቦታ አንሱትና ለጥገና ባለሙያ አሳዩት። ለመብራቱ ብዙ የማይሞቅ ትንሽ የኤል ኢ ዲ አምፖል ይበቃል። ሽቦውን በጎኑ ቀዳዳዎች አሳልፉት፤ አዲስ ቀዳዳ ግን አትብሱበት።